ከሴራሚኩ በፊት ወለሉ ይመርመር

አንድ ነጋዴ ሱቁን ለማሳደስ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሴራሚኩን ቀለምና ዋጋ ነው፤ የአሮጌውን ወለል ሁኔታ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ንጣፉ ከወራት በኋላ ሲላቀቅና ሲሰነጠቅ ወቀሳው በአስመጪውና በሻጩ ላይ ይወድቃል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከሥር ነው።

አሮጌ ሊሾ በመዶሻ እጀታ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ፥ ያ ክፍል ተነሥቶ በአዲስ ሲሚንቶ ሊሞላ ይገባዋል። ሰም፥ ዘይት ወይም ቀለም ያለበት ወለል ማጣበቂያውን አይቀበልምና ተፍቆ ይጠረግ፤ የለሰለሰውም በመሮ ይጫር። እርጥበቱ ይታወቅ ዘንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ዳር ዳሩ ተለጥፎ 24 ሰዓት ይቆይ፤ ከሥሩ ጠል ከታየ ሥራው ይዘግይ። 2 ሜትር በሚሆን ቀጥ ያለ ጣውላ ሲለካም ከ3 ሚሊሜትር የበለጠ ጎድጓዳ ይደልደል።

እንግዲህ ሻጭ የሆነ ሁሉ ዋጋ ከመንገሩ አስቀድሞ ስለ ወለሉ ሊጠይቅ ይገባዋል። የዛሬው ሽያጭ በዚህ ምክንያት ቢዘገይ እንኳ ጉዳት የለውም፤ የነጋዴ ስም ከጥቂት ካርቶን ሴራሚክ ትርፍ ይበልጣልና። ገዥም የወለሉን ማስተካከያ ወጪ ከሴራሚኩ ዋጋ ጋር ደምሮ ያስላ፤ በደካማ ወለል ላይ የተነጠፈ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይገዛልና።