አሮጌው ኮምፒውተር ከመሸኘቱ በፊት

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም፣ ስለ ስኳርም፣ ስለ ሕፃናት ክትባትም አላወራችሁም። የዛሬው ታማሚ ሳሎኔ ጥግ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጠው አሮጌው ኮምፒውተር ነው። “ደግሞ አንቺና ኮምፒውተር ምን አገናኛችሁ?” የሚለኝ አይጠፋም። ታሪኩን ስትሰሙ ግን የብዙዎቻችሁም ቤት ተመሳሳይ ነገር እንዳለ ይገባችኋል።

ኮምፒውተሩን በ2003 ዓ.ም. የገዛው ባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩም እየደከመ ሄደ። ተከፍቶ እስኪነሳ ድረስ ቡና ተቆልቶ አቦሉ ይደርሳል። ውጭ የምትኖረው ልጄ አዘነችልኝና በሰው እጅ አዲስ ላፕቶፕ ላከችልኝ። በስልክም “እማዬ፣ ያንን አሮጌ ነገር ለቁራሌው ስጪውና ተገላገዪ” አለችኝ። 16 ዓመት የሆነው የልጅ ልጄ ቅዳሜ መጥቶ ፋይሎቹን በፍላሽ ወደ አዲሱ ማዛወር ጀመረ። ፎቶዎቹ ገቡ፣ መዝሙሮቹ ገቡ። አንዱን ጽሑፍ ሲከፍት ግን ፊቱ ተለወጠ። ስክሪኑ ላይ አማርኛ የለም፤ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት፣ ትርጉም የሌለው ዝባዝንኬ ነው። “አያቴ፣ ይሄኛው ተበላሽቷል። ላጥፋው?” አለኝ።

የፋይሉን ስም አየሁት። በእንግሊዝኛ ፊደል “የዘር ሐረግ” ይላል። ልቤ ድንግጥ አለ። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ መንዝ እየተመላለሰ አጎቱን ሲጠይቅ፣ በደብተር ሲጽፍ፣ ከዚያ ማታ ማታ በሁለት ጣቱ ሲተይበው የነበረው ነው። ደብተሩ ቤት ስንቀይር ጠፍቷል። አጎቱም አርፈዋል። ማን ማንን እንደወለደ፣ ማን ከየት እንደመጣ የሚናገረው ያ ሁሉ ልፋት የቀረው እዚያ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።

“ይቆይ፤ እንዳትነካው!” አልኩት። እንዲህ ያልኩት ዐዋቂ ስለሆንኩ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተቃጥዬ ስለማውቅ ነው። ከዓመታት በፊት የቀድሞው ላፕቶፓችን አልነሳ ሲል ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። የሚጠግነው ልጅ “ፎርማት ላድርገው?” ሲለኝ “እሺ” አልኩ። ፎርማት ማለት ውስጡን ጠርጎ ማጥፋት መሆኑን አላውቅም ነበር፤ እሱም አልነገረኝም። እናቴ በመጨረሻው ፋሲካዋ ከልጆቿ ጋር የተነሳቻቸው ፎቶዎች በዚያው ቀሩ። ዕድሜዬን ሙሉ ታካሚ ሳይገባው የቀዶ ሕክምና ፈቃድ እንዳይፈርም ስከላከል የኖርኩ ሴት፣ በራሴ ነገር ሳይገባኝ ፈረምኩ።

ስክሪኑን ደጋግሜ ሳየው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጤና ጣቢያ ስሠራ ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚላክልን ሪፖርት አንዳንዴ ልክ እንዲህ ያለ ዝባዝንኬ ሆኖ ይከፈት ነበር። ጸሐፊያችን “ፋይሉ ደህና ነው፤ እኛ ጋ ፎንቱ ስለሌለ ነው” ትለን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ መሥሪያ ቤትና ቤትም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው በዘዴ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛውን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ደግሞ በላዩ ላይ የ“ሀ”ን ወይም የ“ለ”ን መልክ ያለብሰዋል። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛው ይነበባል፤ በሌለበት ልብሱ ይወልቅና ዝባዝንኬው ይታያል። ስለዚህ የባለቤቴ ፋይል አልታመመም፤ ልብሱን አሮጌው ቤት ረስቶ ነው የመጣው።

ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ተመልሰን ስንከፍተው ጥርት ያለ አማርኛ ሆኖ ተነበበ። ጽሑፉ ላይ ጠቅ ስናደርግ የፎንቱ ስም ከላይ ታየ፤ ወረቀት ላይ ጻፍነው። ከዚያ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ድረስ ገብተን በዚያ ስም የሚጠሩትን ሁሉ በፍላሽ ገለበጥን። “ሁሉ” የምለው በምክንያት ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ በአንድ የድሮ ፎንት ስለማይበቁ ብዙ ጊዜ በሁለትና ከዚያ በላይ ፋይል ተከፋፍለው ነው የሚገኙት። አንዱን ብቻ ብትወስዱ ገጹ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ዝባዝንኬ ይሆናል። አዲሱ ላይ እያንዳንዱን ከፍተን “ኢንስቶል” የሚለውን ተጫንን። ጽሑፉ ተነበበ! ለጥንቃቄ ደግሞ እዚያው አሮጌው ላይ እያለ በፒዲኤፍ አስቀመጥነው። ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ ስልክ ላይም ይነበባል።

ይህን ለምን በዝርዝር አነሳሁት? በዚህ ጊዜ ኮምፒውተር የሚቀይር ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ድጋፍ ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ ሞተ ማለት አይደለም። ክትባቱን እንዳቋረጠ ልጅ ቁጠሩት፤ ይራመዳል፣ ይጫወታል፣ ለበሽታ ግን ይጋለጣል። ስለዚህ መቀየሩ ጥሩ ነው። አቀያየሩ ላይ ግን ከሥራዬ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ሆስፒታል ውስጥ ርክክብ የሚባል ነገር አለ። ታካሚ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ሲዛወር አልጋው ብቻ ተገፍቶ አይሄድም። ካርዱ አብሮት ይሄዳል፣ የሚወስደው መድኃኒት ይነገራል፣ ተረካቢዋ ነርስ በዓይኗ አይታ ትረከባለች። እስከዚያ ድረስ አስረካቢዋ “ጨርሻለሁ” ብላ ወደ ቤቷ አትሄድም። ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ምን እንዳለ መዝግቡ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስና ዳውንሎድስ የሚባሉትን ፎልደሮች አንድ በአንድ እዩ። ዲ የሚባል ሁለተኛ ክፍል ካለ እሱንም አትርሱ፤ ብዙ አባወራ “ለደህንነት” ብሎ ነገሩን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ልጆቹ በየራሳቸው ስም የሚገቡበት ከሆነ የእያንዳንዳቸው ፋይል ለየብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ኮፒ አድርጉ እንጂ ከት አታድርጉ። ከት ሲደረግ ፋይሉ ከነበረበት ይነሳል። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ፍላሹ ቢነቀል መከራ ነው። ኮፒ ከሆነ ግን ዋናው እንደ ነበረ ይቆያል፤ እንደገና ትጀምራላችሁ። መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ከሆናችሁ ላፕቶፑን ሞልታችሁ፣ ሥራውንም ከፋፍላችሁ፣ ዛሬ ፎቶ ነገ ጽሑፍ እያላችሁ አዛውሩ።

ሦስተኛ፣ ፍላሹን መርምሩ። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የዞረ ፍላሽ፣ ሳይቀቀል ከታካሚ ወደ ታካሚ እንደሚዞር መርፌ ነው። ፎልደሮቻችሁ ድንገት ሁሉም “ሾርትከት” ሆነው ከታዩ ቫይረስ ነው። አትደናገጡ፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛዎቹ ፋይሎች ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። “ፎርማት ይደረግ” የሚላችሁን ግን አትስሙ። የሠርግ ቪዲዮ ፍላሹ ባዶ ቦታ እያለው “አልገባም” ካለ ደግሞ የፍላሹ አደረጃጀት ሊሆን ይችላል፤ ፋት 32 በሚባለው የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ከተቻለ ለዚህ ሥራ አዲስ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙ፤ በኋላም የመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫ ይሆናችኋል።

አራተኛ፣ ፕሮግራም እንደ ፎቶ አይገለበጥም። ፕሮግራም ሲጫን ሥሩን በየቦታው ስለሚሰድድ ፎልደሩን ብቻ ብትወስዱት ቅርንጫፍ ቆርጦ እንደ መትከል ነው፤ አብዛኛው አይጸድቅም። የምትጠቀሙባቸውን ስም ዝርዝር ጻፉ፤ የገዛችሁት ካለ የፈቃድ ቁጥሩን አብራችሁ መዝግቡ፤ በአዲሱ ላይ እንደ አዲስ አስጭኑ። የአማርኛ መጻፊያውንና የፕሪንተሩን አትርሱ። አዲሶቹ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የሲዲ ማጫወቻ የላቸውም፤ በሲዲ ያለ የሠርግ ወይም የክርስትና ቪዲዮ ካላችሁ አሮጌው በሕይወት ሳለ አስገልብጡ።

አምስተኛ፣ የመግቢያ ነገር። ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጣችኋቸው አድራሻዎችና የይለፍ ቃሎች አሮጌው ውስጥ ናቸው። አሮጌው ሳይጠፋ በአዲሱ ላይ ኢሜይላችሁ መከፈቱን አረጋግጡ። የቴሌግራም መደበኛ መልእክቶች በስልክ ቁጥራችሁ ስትገቡ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያወረዳችኋቸውን ፋይሎች ግን ራሳችሁ ገልብጡ። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር፦ የኢሜይሉ ማረጋገጫ ኮድ የሚላከው በባለቤቴ ስልክ ቁጥር ነው። ደግነቱ ሲም ካርዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ይሠራልም። የእናንተን ዛሬውኑ እዩ። የማን ቁጥር ነው የተመዘገበው? በሐዘን ጊዜ ይህን የሚያስታውስ የለም፤ የተዘጋ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።

ስድስተኛ፣ ቁጠሩ፤ ክፈቱም። አሮጌው ላይ ያለውን ፎልደር በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ “ፕሮፐርቲስ” ስትሉ ስንት ፋይል እንዳለና መጠኑ ይነገራችኋል። አዲሱ ላይም እንዲሁ አድርጉ። ቁጥሩ እኩል ካልሆነ የቀረ አለ። ቁጥር ብቻ ግን አይበቃም፤ ከመጀመሪያውም ከመካከሉም ከመጨረሻውም ጥቂት ጥቂት ክፈቱ። የእኛ ፋይል በቁጥር ተሟልቶ ነበር፤ ሲከፈት ነው ጉዱ የታየው።

ኮምፒውተራችሁ ጭራሽ አልነሳ ካለም ተስፋ አትቁረጡ። ፋይሎቹ ያሉት ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፤ ሌላው አካል ቢሞትም እሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ባለሙያ አውጥቶት በኬብል ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሲያገናኘው ብዙ ጊዜ ይነበባል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው አጥፉት፤ ደጋግሞ ማስነሳት ስብራት ላይ መራመድ ነው። ጥገና ቤት ስትሄዱም ከሁሉ በፊት “ውስጡ ያለውን እፈልገዋለሁ፤ ሳትጠይቀኝ ምንም አታጥፋ” በሉ። ብታስጽፉት ደግሞ የተሻለ ነው።

ሁሉ ካለቀ በኋላም አሮጌውን ቢያንስ አንድ ወር አቆዩት። የረሳችሁት ነገር የሚታወሳችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስትሸኙት ሃርድ ዲስኩን አስወጡና አስቀምጡት። “ዴሊት” የተደረገ ፋይል በባለሙያ እጅ ሊመለስ ይችላል፤ የመታወቂያችሁና የቤት ካርታችሁ ቅጂ ከቁራሌው ጋር እንዲዞር አትፈልጉም። ዋና ዋናዎቹን ፋይሎች ደግሞ ሌላ ቤት፣ እህት ወይም ልጅ ጋ አንድ ቅጂ አኑሩ። እሳትና ሌባ ሁለቱን ቤት በአንድ ቀን አይጎበኝም።

ለልጆችም አንድ ቃል አለኝ። ለወላጆቻችሁ ኮምፒውተር ስትልኩ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። “ጣዪው” ከማለታችሁ በፊት ግን “ውስጡ ምን አለ?” ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ሽማግሌዎችም “ልጁ ያውቃል” ብለን ዝም አንበል። የልጅ ልጄ ኮምፒውተሩን ከእኔ በብዙ እጅ ያውቃል፤ ያንን የድሮ ፎንት ዘመን ግን አላየውም። እሱ እጁን ሰጠኝ፣ እኔ ትዝታዬን ሰጠሁት፤ ሥራው በሁለታችን አለቀ።

ያን ቀን ማታ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። 46 ገጽ ነው። መንዝ ከነበሩት ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ እየወረደ እየወረደ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። “ምነው?” ብዬ ጠጋ አልኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ የራሱ ስም አለ፤ ከተወለደበት ቀንና ሰዓት ጋር። ላጥፋው ያለኝ ፋይል ውስጥ አያቱ እሱን ጽፎት ነበር።

አሁን ወላጆቹን እየጠየቀ ከእሱ በኋላ የተወለዱትን ያክልበታል፤ በዩኒኮድ። አሮጌው ኮምፒውተርም ወሩ እስኪሞላ ዳንቴሉን ለብሶ እዚያው ጥግ አለ።

በሉ፣ ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።