የተሰበረ እግር ሲጠፈር

ተረኛ በነበርኩበት አንድ ሌሊት አንድ አባት የ9 ዓመት ልጃቸውን ታቅፈው ገቡ። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ቅልጥሙ ከተሰበረ 3 ቀን ሆኖታል። እግሩ ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በቀርከሃና በጨርቅ ተጠፍሮ ታስሯል። «የመጀመሪያውን ሌሊት ሲጮህ አደረ፤ ከዚያ ግን ተሻለውና ዝም አለ» አሉኝ። እስሩን ስፈታው ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ስነካቸውም አይሰማውም። ልጁ ዝም ያለው ተሽሎት ሳይሆን ነርቮቹ ሥራ ስላቆሙ ነበር። ከጉልበቱ በታች ያለውን እግር ማትረፍ አልተቻለም።

ባታችንን ስንዳስሰው አንድ ወጥ ሥጋ ይመስለናል፤ ውስጡ ግን እንደዚያ አይደለም። ከፊት በቆዳ ሥር የሚዳሰስ ወፍራም የቅልጥም አጥንትና በውጭ በኩል አንድ ቀጭን አጥንት አሉ። በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች በአራት ክፍሎች የተመደቡ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ክፍል እንደ ሸራ በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሏል። የፊተኛው ክፍል ጣቶችንና የእግርን ጫፍ ወደ ላይ ያነሳል፤ የኋለኞቹ ስንራመድ ተረከዛችንን ያነሳሉ። ከጉልበት ጀርባ የሚወርደው ደም ቅዳ ተከፋፍሎ የሚያልፈው በእነዚሁ ክፍሎች ውስጥ ነው። ነርቮቹም እንደዚሁ።

አጥንት ሲሰበር ይደማል፤ ጡንቻውም ያብጣል። ሽፋኑ ስለማይለጠጥ እብጠቱ ወደ ውስጥ ይጫናል። መጀመሪያ የሚታፈኑት ደም መልሶችና ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ናቸው። ደሙ መግባቱን ሳያቆም መውጫ ያጣል፤ ይህም እብጠቱን ያብሰዋል። በዚህ ላይ ቀርከሃ ከውጭ ሲጠብቅበት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ደም ያጣ ጡንቻና ነርቭ ከ6 ሰዓታት ገደማ በኋላ ወደማይመለስ ጉዳት ይደርሳል። ማታ ታስሮ «ጠዋት እናየዋለን» የተባለ እግር ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው።

ዋናው ምልክት ሕመም ነው። ከታሰረ በኋላ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው የሚጨምር፣ በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም። የታማሚውን ጣቶች ቀስ ብላችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱ ከጮኸ፣ ባቱ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ በአውራ ጣቱና በቀጣዩ ጣት መካከል ያለው ቆዳ ከደነዘዘ አትጠብቁ። እግሩ ሞቃት ነው፣ የደም ትርታውም አለ ብላችሁ አትጽናኑ፤ ትላልቆቹ ደም ቅዳዎች ግፊታቸው ከፍ ያለ በመሆኑ ጡንቻው እየሞተም ሊመቱ ይችላሉ። ይህ እኛን ሐኪሞችንም ያሳስታል።

ወዲያውኑ እስሩን እስከ ቆዳው ድረስ ፍቱት። እግሩን በልብ ትይዩ አስተኙት እንጂ በትራስ ከፍ አታድርጉት፤ አትሹት፣ በሙቅ ውሃም አትዘፍዝፉት። ለመንገዱ ላላ ባለ ድጋፍ ይዛችሁ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ሂዱ። ሕክምናው ቆዳውንና ሽፋኑን በረጅሙ ሰንጥቆ ግፊቱን ማስተንፈስ ነው፤ ቁስሉ ለቀናት ክፍት ይቆያል። ማየቱ ስለሚያስደነግጥ «ልጄን አትቅደዱብኝ» ብለው የሚመልሱ ወላጆች ገጥመውኛል። እባካችሁ፣ እዚያ ላይ ጊዜ አታባክኑ።

ወጌሻን ላጥላላ አልተነሳሁም፤ ጤና ተቋም በራቀበት አካባቢ ሰው ሌላ ማንን ይጠራል? ሆኖም የተሰበረ ቅልጥም መጀመሪያ ራጅ ይነሳ። ወጌሻ ካሰረውም ላላ ያድርገው፤ ጣቶቹ ይታዩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሌሊትም ጭምር ይፈተሹ። ሆስፒታል ውስጥ የሚታሰር ጄሶም ከጠበቀ ያው ነው። ጄሶ ታስሮላችሁ ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ሕመሙ ከባሰ፣ ቀጠሮው ቀን እስኪደርስ ሳትሉ በዚያው ሌሊት ተመለሱና አስፈቱት።