ሳይለኩ መንቀል፦ የአሮጌ መኪና የኤሌክትሪክ መስመር «ሙሉ በሙሉ ይቀየር» ለሚለው አስተያየት የቀረበ ምላሽ

አሮጌ መኪና በሚያድሱ ሰዎችና በአውቶ ኤሌክትሪሺያኖች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ አስተያየት አለ። ዕድሜው ከአርባና ከሃምሳ ዓመት ያለፈ መኪና የኤሌክትሪክ ችግር ካሳየ ምክንያቱን በመፈለግ መድከም አያስፈልግም፤ ሽቦው አርጅቷልና ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነቅሎ በአዲስ ይተካ፤ ይህ ያልተደረገለት መኪና ታደሰ ሊባል አይገባውም ይላል። አስተያየቱን የሚያራምዱት እጃቸው ሥራ የለመደ፣ ብዙ የቆመ መኪና ያስነሡ ባለሙያዎች ናቸው። ምክንያቶቻቸው ሲጠቃለሉ ሦስት ናቸው፦ መዳብ ሲያረጅ ከረንት ማሳለፍ ይሳነዋል፤ አሮጌ ሽቦ እሳት ያስነሣል፤ እየቆራረጡ መጠገን ማለቂያ ስለሌለው አንድ ጊዜ አውጥቶ መገላገል ይሻላል። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ መሆኑን አልጠራጠርም። መነሻው ግን የተሳሳተ፣ አካሄዱ የአመክንዮ ግድፈት ያለበት ነው። ባለመኪናውም ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ችግሩን ይዞት የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ክርክሩ እንዲጨበጥ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም በሚታየው ቮልስዋገን ቢትል፣ ሁላችንም ቮልስ በምንለው መኪና ላይ ላቁመው። የመጨረሻው ቮልስ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 ነው። ስለዚህ ዛሬ አሮጌ ያልሆነ ቮልስ የለም፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። የምከራከረው ከእርጅናው በሚወሰደው መደምደሚያ ላይ ነው።

አንደኛ፤ ዕድሜ ብቻውን የብልሽት ማስረጃ አይሆንም። 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በሜትር 0.0115 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ቀንም፣ ዛሬም ቁጥሩ ያው ነው። ሽቦው ከባትሪው ተነሥቶ የፊት መብራት እስኪደርስ 6 ሜትር ቢጓዝ አጠቃላይ ሬዚስታንሱ 0.07 ኦም አይሞላም። 45 ዋት የሆነ የ12 ቮልት አምፖል 3.75 አምፔር ስለሚስብ፣ ሽቦው ራሱ በመንገድ የሚያስቀረው ቮልት 0.26 ገደማ ነው። አሁን መብራቱ ደብዝዞ ስንለካ አምፖሉ ዘንድ የደረሰው 10 ቮልት ብቻ ሆኖ ተገኘ እንበል። የጎደለውን 2 ቮልት መዳቡ ብቻውን በላው ለማለት፣ ሽቦው ከዳር እስከ ዳር ወደ አንድ ስምንተኛ ውፍረቱ መመንመን ነበረበት። እንዲህ የመነመነ ሽቦ ደግሞ የለም። ስለዚህ ከ1.7 ቮልት በላይ የሆነው ኪሳራ የደረሰው ሌላ ቦታ ነው፦ ፊውዙ በተቀመጠበት የነሐስ መያዣ፣ በመብራት ማብሪያው ውስጥ ባለው ኮንታክት፣ በአምፖሉ እግር፣ ወይም ከቦዲው ጋር በሚታሰረው የግራውንድ ብሎን።

ይህ ስሌት ሁለት ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛው ብርሃኑ ለምን ያን ያህል እንደሚወርድ ነው። የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ እጅግ በፈጠነ መጠን ይቀንሳል፤ ቮልቱ ከ12 ወደ 10 ሲወርድ ብርሃኑ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ሁለተኛው የፊውዝ ሳጥኖች ለምን እየቀለጡ እንደሚገኙ ነው። 1.7 ቮልት በ3.75 አምፔር ሲባዛ ከ6 ዋት በላይ ሙቀት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው የአተር ፍሬ በማያህል አንድ የዛገ ነጥብ ላይ ነው። የቀለጠ የፊውዝ ሳጥን ያየ ባለሙያ «ሽቦው አርጅቶ ነው» ይላል፤ ሳጥኑ ራሱ ግን ጥፋቱ መገጣጠሚያው ላይ እንደሆነ ይመሰክራል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ እምነት አለ። ባለ6 ቮልት የነበረ ቮልስ ወደ 12 ቮልት ሲቀየር ሽቦው ሁሉ መቀየር አለበት ይባላል። ቮልስ ለአሜሪካ ገበያ 12 ቮልት የሆነው ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ባለ6 ነበሩ። 45 ዋት በ6 ቮልት 7.5 አምፔር፣ በ12 ቮልት ግን 3.75 አምፔር ነው። ቮልቱ ሲጨምር ከረንቱ በግማሽ ስለሚቀንስ አሮጌው ሽቦ ከቀድሞው የቀለለ ሸክም ይሸከማል። አምፖሎቹ፣ ዲናሞው፣ ሬጉሌተሩና ቦቢናው ሊቀየሩ ይችላሉ፤ ሽቦውን በዚህ ምክንያት የሚነቅል ሰው ግን ስሌቱን ገልብጦ ይዞታል።

ሁለተኛ፤ «ቀየርነው፣ ሠራ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሽቦው ነበር» የሚለው አነጋገር ማስረጃ አይደለም። የተቃራኒው ወገን ዋና ምሽግ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስበት። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሲነቀል የሚቀየረው ሽቦ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ተርሚናል ይነቀላል፤ ዝገቱ ይፋቃል፤ የፊውዝ ሳጥኑ ይጸዳል ወይም ይለወጣል፤ የላላው የግራውንድ ብሎን ይጠብቃል። አሥር ነገር በአንድ ቀን ተሠርቶ መኪናው ሲሻለው ምስጋናውን ሁሉ ለአንዱ መስጠት፣ ሌሎቹ ዘጠኙ ምንም አልሠሩም ብሎ ሳያረጋግጡ መፍረድ ነው። ባለሙያው መገጣጠሚያዎቹን ብቻ አጽድቶ፣ አሮጌውን ሽቦ መልሶ ሰክቶ ቢለካ ኖሮ መልሱን ያገኘው ነበር። ያ ፈተና ስለማይደረግ ግምቱ በተደጋገመ ቁጥር እውነት እየመሰለ ይሄዳል።

በዚህ ላይ ማብራሪያ የሚጠይቅ ሌላ ክስተት አለ። ቦዲው ተፍቆ፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ አዲስ ሽቦ የተዘረጋለት መኪና መብራቱ ከቀድሞው የባሰ ሲደበዝዝ፣ ፍሬቻው ሲበራ የኋላ መብራቱ አብሮ ሲርገበገብ ይታያል። ዕድሜ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በቮልስ ከረንቱ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በቦዲው ብረት በኩል ነው፤ ቀለም ደግሞ ከረንት አያሳልፍም። ቡናማዎቹ የግራውንድ ሽቦዎች በቀለም ላይ ከታሰሩ አዲስነታቸው ምንም አይፈይድም። መድኃኒቱ ከብሎኑ ሥር ያለውን ቀለም እስከ ብረቱ ፍቆ፣ አጥብቆ አስሮ፣ ዝገት እንዳይመለስ በግሪስ መሸፈን ነው።

ሦስተኛ፤ አስተያየቱ ምልክትን ከበሽታ ጋር ያደባልቃል። ጠዋት በአንድ ቁልፍ የተነሣው ቮልስ ረጅም ዳገት ወጥቶ ከቆመ በኋላ ቁልፉ ሲዞር ጭጭ ይላል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይነሣል። ባለቤቱ ሞቶሪኖ ያስቀይራል፤ ካልሆነለት ሽቦውን ያስነቅላል። የመኪናውን አሠራር እንመልከት። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ሞቶሪኖውም ከኋላ ነው። ሞቶሪኖውን የሚያዘው ከረንት ግን ወደ ፊት ሄዶ በቁልፉ ኮንታክት አልፎ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ጉዞ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ትንሽ ትንሽ ቮልት ይቀንሳል። በሌላ በኩል በሞቶሪኖው ላይ ያለው የሶሌኖይዱ የመዳብ ጥቅል ሲሞቅ ሬዚስታንሱ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.39 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 23 ከመቶ ገደማ ማለት ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ሶሌኖይዱን የሚስበው ከረንት ይጎድለዋል። አዲስ ሽቦ በዚያው ረጅም መንገድ፣ በዚያው ባረጀ የቁልፍ ኮንታክት ቢያልፍ ችግሩ ያው ነው። ሞቶሪኖው አጠገብ የሚገጠም አንድ ሪሌ ግን መንገዱን አሳጥሮ ይፈታዋል።

ሞቶሪኖ ደክሞ ሲያጣጥር ደግሞ ከማንኛውም ሽቦ በፊት መታየት ያለበት የማርሽ ሳጥኑን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ጥልፍ የግራውንድ ማሰሪያ ነው። ሞተሩና ማርሽ ሳጥኑ በጎማ ላይ ስለተቀመጡ፣ ይህ ማሰሪያ ከተበላ የሞቶሪኖው ከረንት በፍሪሲዮኑ ወይም በነዳጅ መስጫው የብረት ገመድ በኩል መንገድ ይፈልጋል። ሞቶሪኖ ሲመታ የፍሪሲዮን ገመድ ከጋለ ጥርጣሬ አያስፈልግም።

አራተኛ፤ የእሳቱ ክርክር እውነተኛ ስጋት ይዞ የተሳሳተ መፍትሔ ያቀርባል። ስጋቱን ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ፤ ሰው የሚሳፈርበት ነገር ነውና። ነገር ግን በቮልስ የፋብሪካ ንድፍ ወደ መብራት ማብሪያውና ወደ ፊውዝ ሳጥኑ የሚሄደው ዋናው ቀይ ሽቦ በመንገዱ ላይ አንድም ፊውዝ የለውም። የቦቢናው መስመርም እንዲሁ። አዲሱ መስመር በዚያው ንድፍ ከተዘረጋ አደጋውም አብሮ ይወረሳል፤ ላሜራ የላጠው አዲስ ሽቦ እንደ አሮጌው ሁሉ ይነዳል። እሳትን በእውነት የሚቀንሱት ሥራዎች ሌሎች ናቸው። ለሞቶሪኖው ከሚሄደው ወፍራም ኬብል በቀር ከባትሪው የሚወጣው ቀይ ሽቦ በባትሪው አጠገብ በውፍረቱ የተመጠነ ዋና ፊውዝ ይግባለት። ሽቦ በላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበቱ ይመለስ። የባትሪው መክደኛ በቦታው ይሁን፤ መክደኛው በሌለበት የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ የወንበሩን ሙሌት ማቀጣጠሉ በቮልስ ላይ የታወቀ የእሳት መነሻ ነው።

ፊውዝንም በተመለከተ አንድ ቃል። ነጩ 8፣ ቀዩ 16፣ ሰማያዊው 25 አምፔር ነው። ፊውዝ ደጋግሞ የተቃጠለበት ሰው በሰማያዊ ሲተካው፣ ወይም በሲጋራ ፎይል ሲጠቀልለው፣ እስከ ትናንት ፊውዙ ይቃጠልበት በነበረው ቦታ ሽቦው እንዲቃጠል ፈርዷል። ኋላ የነደደው ሽቦ የእርጅና ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

አምስተኛ፤ «አንድ ጊዜ አውጥቶ መገላገል» የሚባለው ብዙ ጊዜ መገላገል አይደለም። በገበያ ላይ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ሽቦ ይሸጣል። የአሉሚኒየም ሬዚስታንስ ከመዳብ 1.6 እጥፍ ያህል ነው፤ ጫፉም በቀላሉ ይሰበራል። በምላጭ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም። ጤነኛ የፋብሪካ መዳብ ነቅሎ ይህን መተካት መኪናን ወደ ኋላ መመለስ ነው። ከዚህ የባሰው ጉዳት ግን የቀለሙ መጥፋት ነው። የጀርመን መኪና ሽቦ በቀለሙና በቁጥሩ ይነበባል፦ ቀይ፣ ቁጥር 30፣ ከባትሪ በቀጥታ፤ ጥቁር፣ 15፣ ከቁልፍ በኋላ፤ ቡናማ፣ 31፣ ግራውንድ፤ ነጭ ለረጅም መብራት፤ ቢጫ ለአጭር፤ ግራጫ ለፓርኪንግ። በእጅ በተገኘ አንድ ቀለም ጥቅልል ሙሉ መኪና ሲዘረጋ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ የሚመጣ ኤሌክትሪሺያን የሚያነበው ነገር ስለሌለው ናስትሮ እየፈታ መገመት ብቻ ይቀረዋል። ማለቂያ የሌለው ጥገና የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ይህን ስል ሽቦ ፈጽሞ አይቀየርም ማለቴ አይደለም። መዳቡን የለበሰው ፕላስቲክ በእርግጥ ያረጃል፤ ልስላሴውን የሚሰጠው ንጥረ ነገር በሙቀት ይወጣና ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ይህ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ጎልቶ ይታያል፤ በቦዲው ውስጥ ከፀሐይና ከሙቀት ተሸሽጎ ያለፈው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ለስላሳ እንደሆነ ይገኛል። በጣት ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ልባስ ያለው ሽቦ፣ በጨርቅና በጎማ የተጠቀለለ የቀድሞ ዘመን መስመር፣ እሳት የነካው ወይም በየቦታው ተቆርጦ የተቀጠለ መስመር ያለ ማመንታት ይቀየር። ጫፉ ላይ የጠቆረ መዳብም የሚያብረቀርቀው ክፍል እስኪገኝ ይቆረጥ። እነዚህ ሁሉ ግን ታይተው የሚታወቁ ምልክቶች ናቸው። የመኪናው የተመረተበት ዓመት ከመካከላቸው የለም።

የመመርመሪያው መንገድ ለማንኛውም ጋራዥ ቅርብ ነው። መብራቱ በርቶ፣ የመልቲሜትሩ አንድ ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላው ከአምፖሉ እግር ሲያያዝ የሚታየው ቮልት በዚያ መስመር የጠፋው ነው። ከዚያ ጫፉን ወደ ማብሪያው፣ ወደ ፊውዙ ወዲያና ወዲህ እያዛወሩ ቁጥሩ በድንገት የዘለለበትን ቦታ መያዝ ነው። በባትሪው ኔጌቲቭና በአምፖሉ ግራውንድ መካከል ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ ግራውንዱ ይፈታ፣ ይፋቅ። ድምፅ የሚያሰማው የመልቲሜትር ፈተና ግን ለዚህ አይበቃም፤ እጅግ ጥቂት ከረንት ስለሚልክ፣ ከብዙ ክሮች አንዷ ብቻ የቀረችለትን ሽቦም ደህና ነው ይላል። ሸክም ሳይኖር የተለካ ሽቦ እንዳልተለካ ይቆጠር።

የሙያ ባልደረቦቼን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የአሮጌ መኪና መስመር ከመነቀሉ በፊት በእያንዳንዱ መስመር የጠፋው ቮልት ተለክቶ በወረቀት ይጻፍ፤ ወረቀቱም ለባለመኪናው ይሰጠው። ይነቀል የሚል ባለሙያ ቁጥሩን ያሳይ። ባለመኪናም ቁጥሩን ሳያይ ለሙሉ ቅያሬ ገንዘብ አይክፈል።