የሕንዷ ፍየልና የመርካቶ ሒሳብ

ጆሮዋ ከመንጋጋዋ ወርዶ የሚንጠለጠል፣ አፍንጫዋ እንደ በቀቀን ምንቃር የጎበጠ፣ ቁመቷ ከጥጃ የሚስተካከል፣ በደንብ ከተያዘች በቀን ከ1 ሊትር ተኩል እስከ 2 ሊትር ወተት የምትታለብ ፍየል አለች ሲባል፣ ገንዘቡን የት እንደሚያሳድር ግራ የገባው የከተማ ባለሀብት ልቡ ቢነሳ አይፈረድበትም። ፍየሏ ጃሙናፓሪ ትባላለች። አገሯ በሰሜን ሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር፣ ያሙናና ቻምባል የተባሉት ወንዞች በሚያዋስኑት የኤታዋ አውራጃ ነው። ስሟም «ከያሙና ማዶ» እንደማለት ነው። ለወተትም ለሥጋም ትሆናለች። እስከዚህ ድረስ የሚነገረው ሁሉ እውነት ነው።

ሒሳቡ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ይህችን ፍየል ወይም የሥጋ ዘመዶቿን አስመጥቶ በአዲስ አበባ ዙሪያ በቆርቆሮ ግቢ ውስጥ ማርባት፣ በመርካቶ ሱቅ ውስጥ ከሚሠራው ገንዘብ የተሻለ ትርፍ ያመጣል የሚለው ስሌት ገዢውን ረስቶ ፍየሏን ብቻ የሚቆጥር ነው። በአማርኛው «ፍየል ወዲያ፣ ቅዝምዝም ወዲህ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ለመሆኑ ኢትዮጵያ የዚህችን ፍየል ደም አታውቀውም? በሚገባ ታውቀዋለች። በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ መርከቦች ከሕንድና ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ወደቦች ሲነሱ ለመንገድ ወተት የሚሆኑ ፍየሎች ይጭኑ ነበር። አገራቸው ሲደርሱ ከእንግሊዝ ፍየሎች ጋር ተዳቀሉና አንግሎ ኑቢያን የተባለው ዝርያ ወጣ። የተንጠለጠለ ጆሮውና የጎበጠ አፍንጫው ከጃሙናፓሪና ከግብፅ ፍየሎች የመጣ ነው። ይኸው አንግሎ ኑቢያን እ.ኤ.አ በ1989 በተጀመረው የፋርም አፍሪካ የወተት ፍየል ልማት ፕሮግራም አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ፕሮግራሙ ከዓለማያ ግብርና ዩኒቨርሲቲና ከአዋሳ ግብርና ኮሌጅ ጋር እየተባበረ በሐረርጌ ደጋና በደቡብ ኢትዮጵያ ሠራ። በተለይ ድኻ ለሆኑ ሴቶች የአገር ውስጥ ፍየሎችን በብድር ይሰጥ ነበር፤ ብድሩ የሚመለሰውም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በግልገል ነበር። ዲቃላዎቹ የሚመጡት ሴቶቹ መኖ መትከልና ፍየል መያዝ ከለመዱ በኋላ ነበር።

አሠራሩ መልካም ነበር፤ ብዙ ቤተሰብም ጠቅሟል። ነገር ግን ነጋዴ ሊያነበው የሚገባው የመጨረሻውን መስመር ነው። ዶክተር ወርቅነህ አያሌውና ባልደረቦቻቸው በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ በ2003 ባሳተሙት ጥናት ዲቃላዎቹንና ያገር ውስጥ ፍየሎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው አስልተዋል። ወተቱንና ሥጋውን ብቻ ሳይሆን ፍጉን፣ እንዲሁም ፍየል ለችግር ቀን እንደ ባንክ ደብተር የሚሰጠውን ጥቅም ጨምረው ነው ያሰሉት። ውጤቱ የጥናቱ ርዕስ ላይ ሳይሸፋፈን ተጽፏል፤ ዲቃላዎቹ ካገር ውስጥ ፍየሎች የበለጠ የተጣራ ጥቅም አላስገኙም። ጥቅም የተገኘው ከመኖው፣ ከሕክምናውና ከአያያዙ መሻሻል ነው። ያገሪቱ ፍየልም ያንኑ አያያዝ ስታገኝ ያንኑ ያህል ከፍላለች።

ይህ ለመርካቶ ሰው አዲስ ትምህርት መሆን የለበትም። አሮጌ ኤን ትሬ በደንብ የሚያዝ ሾፌር ካገኘ፣ በአዲስ መኪና ላይ የተቀመጠውን ግዴለሽ ሾፌር ሲያስከነዳ ስንት ጊዜ ታይቷል?

አሁን ወደ ገዢው እንምጣ። የፍየል ወተት ማን ይገዛል? በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቦረናና በኮንሶ የፍየል ወተት የዕለት ምግብ ነው። በአዲስ አበባ ግን ደጋው ያሳደገው ጠጪ ወተት ሲባል የሚታየው የላም ወተት ነው። የፍየሉ ወተት ሲጠየቅ የሚጠየቀው ለሕፃን ወይም ለሳል መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ነው። መድኃኒት ደግሞ በጀሪካን አይሸጥም። ከዚህ በላይ የጾሙ ነገር አለ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ነቢያት ሲጨመሩ ጾመኛው ደንበኛ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ወተት አይጠጣም። ላም ያለው ሰው በጾም ወተቱን ቅቤ አውጥቶ ያስቀምጠዋል። የፍየል ወተት ስቡ ደቃቅ ስለሆነ ቅባቱ እንደ ላም ወተት በቀላሉ ወደ ላይ ተንሳፎ አይለይም። እንግዲህ መርካቶ የወተትን ነገር በብዛት የሚያውቀው በቅቤ ተራ በኩል ነው፤ ቅቤ ተራ ደግሞ የፍየል ሊትር አይቆጥርም። የፍየል አይብ ለሆቴልና ለውጭ አገር ሰው የሚሠሩ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ገበያውን ለመሙላትም ብዙ ፍየል አያስፈልግም።

በወተት ያልሆነው በሥጋ ይካካሳል የሚለውም መልስ ሁለት ፊት አለው። የሥጋ ገበያ አንድ ገበያ አይደለም። በሞጆና በቢሾፍቱ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ዓረብ ኤሚሬትስ የሚልኩት ያልተኮላሸ ወጣት ወጠጤ ነው። የቁም ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ሆኖ ታርዶ ከ8 እስከ 9 ኪሎ የሚወጣው ይፈለጋል። የቆላ ፍየል ይመረጣል፤ የደጋው ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል ተብሎ ገዢው ፊቱን ያዞርበታል። ታዲያ ትልቅነቷን መመኪያ ያደረገች ፍየል ደጋ ላይ አርብቶ፣ ትንሽና የቆላ ለሚፈልግ ገዢ ማቅረብ ምን ዓይነት ንግድ ነው? ቄራዎቹ ለዓመታት ከአቅማቸው በታች የሠሩት ፍየል ትልቅ አልሆን ብሎ ሳይሆን ፍየል ስለሚያንሳቸው ነው። ከሶማሌና ከቦረና የሚነሳው መንጋ ድንበሩን ተሻግሮ በበርበራና በቦሳሶ በቁሙ ይጫናል።

ሁለተኛው ገበያ የበዓል ሙክት ነው። እዚህ ላይ ትልቅነት ዋጋ አለው፤ ቄራና ሾላ ላይ ገዢው ጀርባውን ጨብጦ፣ ላቱን ሳይሆን ወገቡን ዳስሶ ይከፍላል። ሙክት ግን በዓመት ጥቂት ሳምንት የሚሸጥ ዕቃ ነው። በሌላው ጊዜ ባለቤቱን ይበላዋል። ጃሙናፓሪ እንደ ጥቁር ቤንጋል ፍየል መንታና ሦስት እየወለደች መንጋውን ቶሎ የምታባዛ አይደለችም። የፍየል እርግዝና 5 ወር ነው፤ ለሥጋ ነጋዴ የግልገሉ ቁጥር ከግልገሉ ቁመት ይበልጥበታል።

መኖውንም ማንሳት ግድ ነው። ጃሙናፓሪ በአገሯ በወንዙ ገደል ውስጥ ቁጥቋጦ እየቀነጠሰች የምትኖር ቀንጣሽ እንስሳ ናት። ግቢ ውስጥ ከታሰረች የቁጥቋጦውን ቦታ የሚተካው ፋጉሎና ፉሩሽካ ነው። የእነዚህን ዋጋ የመርካቶ ሰው ከግብርና ሚኒስቴር ይልቅ ያውቀዋል፤ የስንዴና የኑግ ዋጋ በተነሳ ቁጥር አብረው ይነሳሉ። በዚያ ላይ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታና የፍየል ሳምባ በሽታ አሉ። ካገሩ በሽታ ጋር ያላደገች እንግዳ ፍየል የትኛው እንደሚያገኛት መገመት ጠንቋይ አይጠይቅም። ከደቡብ አፍሪካ ቦር የተባለው የሥጋ ፍየል በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ወደ ኢትዮጵያ የመጣበት ፕሮግራምም ነበር፤ እሱም የሚጠራበትን ዝና ይዞ በየገበሬው በር አልደረሰም።

ለፍትሕ ሲባል የሌላውን አገር ነገር አለመደበቅ ይሻላል። ኢንዶኔዢያ የኤታዋን ፍየል በቅኝ ግዛት ዘመን ተቀብላ ካገሯ ትንሽ ፍየል ጋር አዳቅላ «ፔራናካን ኤታዋ» የምትለውን ዝርያ አውጥታለች። ጃቫ ውስጥ ወተቱም ይሸጣል። ነገር ግን በዚያ የቁጥቋጦ ቅጠል እየታጨደ ወደ ፍየሉ ቤት የሚሄደው በገበሬው ቤተሰብ ጉልበት ነው፤ የፍየል ወተት ገዢም አለ። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱም በብር ይገዛሉ።

ታዲያ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ? ኢትዮጵያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየል አላት፤ ከጥቂቱ በቀር ሁሉም ያገር ዝርያ ነው። ረጅም ጆሮና ወተት የሚፈልግ ሰው ሕንድ ሳይሄድ በሑመራ በኩል በጋይት የሚባለውን ፍየል ማየት ይችላል፤ በወተት የታወቀ ነው፣ ሙቀቱንም በሽታውንም ያውቀዋል። የወተት ሥራ መሥራት የሚሻም ጠጪው ወዳለበት፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር መሄድ አለበት እንጂ ጠጪውን ወደ አዲስ አበባ ማስመጣት አይችልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ክፍተት ግን በመሐል ነው። ቦረና ላይ የተገዛ ወጠጤ ሞጆ እስኪደርስ ሰብሳቢው፣ ደላላው፣ ጫኚውና አከፋፋዩ በየተራ ይነኩታል፤ በመንገድ ላይ ኪሎው ይቀንሳል፣ ዋጋው ይጨምራል። በዚህ መሐል ለ60 ወይም ለ90 ቀን የሚቀልብ፣ ክትባት የሚሰጥ፣ አንድ ዓይነት ክብደት ያላቸውን ወጠጤዎች በመቶዎች አሰባስቦ ከቄራው ጋር በውል የሚያስረክብ ባለሀብት ጥቂት ነው። እዚህ ሥራ ላይ የመርካቶ ሰው ከማንም ይበልጣል፤ ዕቃ ከብዙ እጅ ሰብስቦ በአንድ ጭነት ማስረከብ የዕለት ሙያው ነው። ከፍየሉ ጋር የሚመጣውን ቆዳ ግን በትርፍ መዝገብ ላይ ባያስገባው ይሻለዋል። የባቲ ፍየል ቆዳ በዓለም ስም የነበረው ቢሆንም፣ በበዓል ማግሥት ጥሬ ቆዳ ገዢ አጥቶ ሜዳ ላይ የተጣለባቸው ዓመታት ሩቅ አይደሉም።

አደጋውም መነገር አለበት። እ.ኤ.አ በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲና በየመን ሲነሳ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን የቁም እንስሳ ዘግተውት ነበር። በአንድ ገዢ አገር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ቀላቢ ያን ጊዜ ምን እንደደረሰበት የሚያስታውሱ ሰዎች አሁንም ገበያው ውስጥ አሉ። ስለዚህ ከግማሹ በላይ የሆነውን ወጠጤ ለኤክስፖርት፣ የቀረውን አኮላሽቶ ለገናና ለፋሲካ ማዘጋጀት ያዋጣል፤ ቄራው ቢዘጋ ሾላ አይዘጋም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም ጃሙናፓሪን የሚመኝ ሰው ካለ መብቱ ነው። ቢያንስ የቁም ፍየል ገዝቶ በአውሮፕላን ከማስጫኑ በፊት የግብርና ሚኒስቴርን የማስገቢያ ፈቃድና የለይቶ ማቆያውን ጊዜ ይጠይቅ፤ ከዚያም ወተቱን የሚረከበውን ሆቴል ወይም አይብ ቤት ፈልጎ በጽሑፍ ውል ያስፈርም። ውሉን የሚፈርምለት ካጣ፣ ገንዘቡ ገና በኪሱ ነው።