ዋጋዋን ነገርኳት፣ ወጪዋን ደበቅኳት

ባለቤቴ እንቅልፍ ሲወስዳት ስልኬን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትቼ ፎቶ አያለሁ። ወገኖቼ አትደንግጡ፤ የመኪና ፎቶ ነው። ሲትሮየን ሲ6፣ የ2007 እ.ኤ.አ. ምርት፣ ጥቁር፣ የኋላ መስታወቷ ወደ ውስጥ የጎደጎደ። ዋጋዋ 6,500 ዩሮ። ዣክ ሺራክና ኒኮላ ሳርኮዚ በፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን የተጓዙባት ዓይነት መኪና፣ እኛ በምንኖርባት ፍራንክፈርት ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው በዚህ ዋጋ!

እንዲህ ያለች መኪና እንዴት ረከሰች ብዬ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። መልሱን ሳገኝ ደግሞ ለራሴ ያዝኩት።

በፊት ግን ስለ ፍቅሩ ላውራ። የሲትሮየን ትልልቆቹ መኪኖች እንደ ሌላው በብረት ሞላ ላይ አልተቀመጡም። በየጎማው በኩል የብረት ኳስ አለ፤ ውስጡ በስስ ሽፋን ተከፍሎ በአንዱ ወገን ናይትሮጅን ጋዝ፣ በሌላው ዘይት ይዟል። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ ዘይቱ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ተሳፋሪው ግን እምብዛም አይሰማውም። ይህን አሠራር ዝነኛ ያደረገችው በ1955 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ የታየችው ዲ.ኤስ. ናት። በነሐሴ 1962 ፕሬዚዳንት ደ ጎል ፕቲ ክላማር በተባለ ቦታ ጥይት ሲዘንብባቸው፣ ጎማዋ ተበስቶም ይዛቸው ያመለጠችው ዲ.ኤስ. ነበረች። ይህን ታሪክ ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ስለ ቺንጋው ግን አንድም ጊዜ አልነገርኳትም።

የሞተሩ ታይሚንግ ቺንጋ የሚለወጠው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። ቆሞም ያረጃልና አሥር ዓመት ከሞላው መለወጥ አለበት። ቢበጠስ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። ሻጩ «ተለውጧል» አለኝ፤ ደረሰኝ ስጠይቀው «እፈልገዋለሁ» ብሎ ዝም አለ። ዘይቱም የራሱ ጣጣ አለው። የሲ6 ብርቱካናማ፣ የነሲኤክስና የኤክስኤም አረንጓዴ ነው፤ የማያውቅ ጋራዥ አንዱን በሌላው ቢሞላ ጉዳቱ ብዙ ነው። ደግሞም ሲ6 ሬን ከተማ ከ2005 እስከ 2012 ስትሠራ ጠቅላላ ቁጥሯ 24 ሺህ አልሞላም። የፊት መብራት ወይም ያ የጎደጎደ መስታወት ቢሰበር፣ ከፈረሰች እህቷ ላይ የተነቀለ ፍለጋ መዞር ነው።

ግብሩን ደግሞ ደብተሬ ላይ አሰላሁት። ከሐምሌ 2009 በፊት ለተመዘገበች እንዲህ ያለች ናፍጣ መኪና የጀርመን መንግሥት በየ100 ሲሲው 15.44 ዩሮ ይቀበላል። የዚህች ሞተር 2,720 ሲሲ ነው፤ 28 ተብሎ ይቆጠርና በዓመት 432 ዩሮ ይመጣል። የሦስት ሊትሯ ቤንዚን ግብር ግማሽ እንኳ አይሆንም፤ ግን ነዳጅ ትጠጣለች። እነዚህን መኪኖች የሚያውቅ መካኒክ ደግሞ «ከዋጋዋ ሌላ 3,000 ዩሮ ለብቻው ካላስቀመጥክ አትግዛ» አለኝ። ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ቆለፍኩት።

ባንክ ያለን 8,200 ዩሮ ነው። ባለቤቴ በመስከረም ትወልዳለች። እናቷ ከሐዋሳ መጥተው ሊያርሷት ነው፤ የአውሮፕላኑ ትኬት፣ የጤና መድኑ፣ የቪዛው ዋስትና ሁሉ በእኛ ላይ ነው። «ስለ መኪናዋ ምን አሰብክ?» ስትለኝ «እየጸለይኩበት ነው» እላለሁ። የምጸልየው እሷ እሺ እንድትል ነበር።

አንድ ቅዳሜ አብረን ሄድን። ባለቤቴ ከኋላ ተቀመጠች፤ ሻጩ ነዳ። ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ስናልፍ ዓይኗን ጨፍና «ጀልባ ላይ ያለሁ መሰለኝ» አለች። እጇ ሆዷ ላይ ነበር። በቃ፣ ተገዛች አልኩ በልቤ። ከዚያ ዞር ብላ የኋላውን መስታወት አየችና በአማርኛ ጠየቀችኝ፦ «ይሄ ቢሰበር ከየት ይመጣል?»

እዚያ ልዋሽ እችል ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ውስጥ ደብተሩን አውጥቼ ሰጠኋት። ሁለት ፌርማታ እስክናልፍ አነበበች።

«መኪናዋን እኮ ወድጃታለሁ» አለች። «የከፋኝ ይህን ሁሉ እያወቅህ፣ እኔ ሳላውቅ እሺ እንድል መፈለግህ ነው።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብተሩን ዘርግተን አብረን ደመርነው። 6,500 እና 3,000፣ 9,500። የእናቷ ትኬት ገና አልተነካም። ድምሩ ያን ያህል የሚያከራክር አልነበረም፤ ለብቻዬ ስደምረው ግን ሁልጊዜ የምዘላት አንዲት ረድፍ ነበረችኝ። እሷም በበኩሏ አንድ ነገር ጻፈች፦ በየወሩ 60 ዩሮ፣ «ለፈረንሳይቱ»። እኔ አልጠየቅኋትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻጩ ደወለ። ደረሰኙን አግኝቶታል፤ ቺንጋው የተለወጠው በ2014 ነው። ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ታዲያ አሥር ዓመቱ አልፎታል እኮ» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።