ዋግ ሳይቀድመን

የአርሲና የባሌ ስንዴ አምራቾች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ተምራችሁ ሥራ ያላገኛችሁ የገበሬ ልጆች! ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች እንዴት እንዳጠፋቸው የማያስታውስ ገበሬ የለም። ቢጫ ዋግን ይችላል የተባለውን ዲገሉን ዘራን፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ መጣበት። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ ባወጡ ቁጥር ዋጉም መልኩን ይለውጣል። ነፋስ ተሸክሞት ይመጣል፤ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ተራብቶ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል። እኛ ግን እስካሁን የምንጠብቀው ከዳር ቆመን በማየት ነው። መሐል ማሳው ላይ የተነሣው በሽታ ዳር ሲደርስ የመርጨቱ ጊዜ አልፏል።

ከዳር ቆሞ ከማየት የተሻለ መንገድ አለ፤ ካሜራ የያዘ ድሮን ኩታ ገጠሙን በደቂቃዎች ውስጥ ከላይ ያየዋል። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ታሕተ ቀይ ጨረር ግን በብዛት መልሶ ያንጸባርቃል። ሰብሉ ሲታመም ይህ ነጸብራቅ ይዛባል፤ ልዩ ካሜራ ያነበዋል፣ የተጎዳውን ቦታ በካርታ ያሳያል። ለጅምሩ ተራ ካሜራም ይበቃል። ካርታው ግን «ዋግ ነው» አይልም፤ የውኃና የማዳበሪያ እጥረትም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። የሚለየው እቦታው ሄዶ ቅጠሉን የሚዳብስ፣ ብናኙ ጣቱ ላይ ሲቀር የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሥራ አይቀርም፤ የት እንደሚሄድ ያውቃል እንጂ።

አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። በአገራችን ድሮን ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሞት ነው። ይህን ሐዘን ረግጠን ማለፍ አንችልም፤ አይገባንምም። ድሮኑ የማኅበሩ ይሁን፤ የሚያበርረውም የቀበሌው ልጅ ይሁን። የሚነሣበት ቀንና ሰዓት በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አስቀድሞ ይነገር። ምስሉ የባለማሳው ነው፤ ያለ ፈቃዱ ለማንም አይሰጥ። ሰላም በሌለበት አካባቢ ጨርሶ አይነሣ።

ድሮን ለብቻው የሚገዛ ገበሬ የለም፣ አያስፈልግምም። አጨዳውን በደቦ የምንወጣ ሰዎች ይህንንም በደቦ እንወጣዋለን። ስንዴው ሲሸጥ ከየኩንታሉ ጥቂት ብር ይቀመጥ። በጥር የማኅበራቱ ዩኒየን የድሮን ማብረሪያ ፈቃድ ጥያቄውን ያስገባ፤ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችም ለገበሬ ማኅበራት አጭርና ግልጽ መንገድ ይክፈቱ። በሚያዝያና በግንቦት ወጣቶቹ፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፣ ይሠልጥኑ። ዩኒቨርሲቲዎች መምህራኖቻችሁን ላኩልን። ነሐሴ ሲገባ የመጀመሪያው በረራ ይደረግ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ይደገም።

የማኅበር ጸሐፊዎች፣ ጉዳዩን ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ዛሬውኑ አስይዙ።