አሮጌውን ማሲ ለቆራሌ አትስጡት

የብረት ዋጋ በናረ ቁጥር በአርሲ መንደሮች አሮጌ ትራክተር የሚያፈላልግ ደላላ ይበዛል። የሚፈልገው ለማረስ አይደለም፤ በኪሎ መዝኖ ለብረት ማቅለጫ ለማስረከብ ነው። ለሆቴል በር ጌጥ የሚገዙም አሉ። እነዚህ ሞተሩን አውርደው ለመለዋወጫ ይሸጡና ቀፎውን ቀይ ቀለም ቀብተው ሣር ላይ ያቆሙታል። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ። አሮጌ ትራክተር ተጠበቀ የሚባለው ሞተሩ ሲነሳና ማረሻው አፈር ሲነካ ነው።

የእኔ ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው፤ አባቴ ከመንግሥት እርሻ በጨረታ ገዝቶ ያወረሰኝ። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ከተማ፣ ባነር ሌን በተባለው ፋብሪካ ሲመረት ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው፤ ትራክተሩ ግን ዛሬም የስንዴ ማሳ ያርሳል። ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው፤ 2.5 ሊትር፣ ጉልበቱም ወደ 45 የፈረስ ጉልበት። ዛሬ ከሚገቡት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ለሁለትና ለሦስት ሄክታር ገበሬ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ከሁሉ የምወድለት ሃይድሮሊኩን ነው። የሃሪ ፈርጉሰን ፈጠራ ነው። ማረሻው ከትራክተሩ ጋር በሦስት ክንድ ይያያዛል። ጠንካራ መሬት ሲገጥመው የላይኛው ክንድ ወደ ፊት ይገፋና ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ወፍራም ስፕሪንግ ይጫነዋል፤ ስፕሪንጉ ቫልቩን ያንቀሳቅሳል፤ ሃይድሮሊኩም ማረሻውን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። መሬቱ ሲላላ መልሶ ያወርደዋል። ነጂው እጁን ሳያነሳ ማለት ነው። ኮምፒውተር የለ፣ ሴንሰር የለ፤ ሁሉም በብረትና በዘይት የሚሠራ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ላየ በዓይን የሚታይ ነው።

ለማስተማሪያ የሚሆነውም በዚሁ ነው። ናፍጣ አልቆበት ከቆመ ቧንቧው አየር ይይዛል። አንድ የሙያ ተማሪ የፊልትሮውን አናት ቡሎን አላልቶ የናፍጣ ፖምፑን ማንሻ በጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ያድርግ፤ መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ቀጥሎ አረፋና ናፍጣ ተቀላቅሎ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ናፍጣ። ያኔ ያጠብቀዋል። ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትንም ቧንቧዎች ጫፍ አላልቶ፣ ሞተሩን በማስነሻው እያዞረ አየሩን አስወጥቶ፣ አጥብቆ ሞተሩ ሲነሳለት የናፍጣ ሞተር ከአየር ጋር ያለውን ጠብ ዳግመኛ አይረሳውም። ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሥዕል ይህን ማስተማር አይቻልም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን አንድ አንድ የሚነሳ ማሲ በግቢያቸው ቢኖራቸው ምን ይጎዳቸዋል?

አዲስ ትራክተር አይግባ አላልኩም፤ ይግባ፣ ይብዛ። ገበሬው ያስፈልገዋል።

አሮጌውን መጠበቅ ያለብን ግን ታሪክም ስላለው ነው። የአርሲ ትራክተር ታሪክ ቀላል ታሪክ አይደለም፤ ቀለም ቀብቶ ማቆሙን የምጠላውም ስለዚህ ነው። ጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ ሲቋቋም ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ስንዴውን ትርፋማ ሲያደርጉት ግን ባለ ርስቱ ትራክተር እየገዛ መሬቱን ራሱ ማረስ ጀመረ። እርቦና ሲሶ እየከፈለ ያርስ የነበረው ጭሰኛ በብዙ ቦታ ተነቀለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ሰፋፊዎቹ እርሻዎችም ወደ መንግሥት ዞሩ፤ ትራክተሮቹም አብረው ሄዱ። ስለዚህ ይህ ማሽን አንዱን ቤት እንጀራ ያበላ፣ ሌላውን ከቀዬው ያስነሳ ነው። የሆቴል በር ላይ የቆመው ቀፎ ይህን ለማንም አይናገርም። ሙዚየም ቢገባ እንኳ ሞተሩ እየተነሳ፣ ጎኑ ላይ የነጂውም የተፈናቃዩም ቃል ተጽፎ ቢታይ ግን ልጆቻችን ብዙ ይማሩበታል።

ማሲ ያላችሁ ሰዎች፣ ችግር አስገድዷችሁ ብትሸጡት እንኳ አንድ ነገር አድርጉ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ሰሌዳ አጽዱና የመለያ ቁጥሩን ደብተር ላይ ገልብጡ። ከማን እንደተገዛ፣ የትኛው እርሻ ላይ እንደሠራ፣ እነማን እንደነዱት ጻፉ። የቀድሞ ነጂዎች ዛሬም አሰላ፣ ኢተያና ሁሩታ ውስጥ አሉ፤ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ገዢ ስታማርጡም በኪሎ ለሚመዝነው ሳይሆን፣ ጥቂት ቢያጎድልባችሁም፣ አስነስቶ ለሚነዳው ሽጡለት።